የመረጥነውን ማውረድ እንችላለን? ተመራጮችን ስለማንሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምክር ቤቱ ማታ ተሰብስቦ አንድ ነገር ያጸድቃል። ጠዋት ሰዉ ሰምቶ ይቆጣል። ከሰዓት በኋላ አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ብቅ ይልና «ፈርሙ፣ እናውርዳቸው!» ይላል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከቁጣ ይልቅ የሒሳብ ሥራ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን ለብቻው ተጠቅሷል።

ተመራጭን ማንሳት ሲባል ምን ማለት ነው?

የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ መራጩ ራሱ በድምፅ ከወንበሩ ሲያስነሳው ነው። ምክር ቤት አባሉን ሲያባርር ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ሲቀጣም ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሰጠውን ውክልና መልሶ የሚወስደው የሰጠው ሰው ነው። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። ማመልከቻ ይገባል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ፊርማው ይጣራል፣ ከሞላ ድምፅ ይሰጣል።

አዲስ ነገር ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። የአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ በከተማዋ መተዳደሪያ ደንብ ያስገባችው በ1903 ነው። በዓመቱ በ1904 አንድ የምክር ቤት አባል ላይ ተሞከረ። ሰውየው ጄ. ፒ. ዴቨንፖርት ይባላል። ጥፋቱ የተባለው ምን መሰላችሁ? የከተማዋ የኅትመት ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ ላቀረበ ጋዜጣ እንዲሰጥ ድምፅ ሰጠ። አልሰረቀም፣ አልተደባደበም፤ ሕዝቡ ያልወደደውን አንድ ውሳኔ ደገፈ። መራጩ አወረደው፣ እሱም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ልብ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ክስ ራሱ የጨረታ ክርክር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም የአካባቢ ተመራጮች ላይ ፊርማ የሚያስነሳው ያው ነው፦ ጨረታ፣ ግብር፣ ትምህርት ቤት፣ መሬት።

አንድ ውሳኔ ስላናደደን ብቻ ማውረድ እንችላለን?

ይህ ሙሉ በሙሉ በቦታው ሕግ ይወሰናል። ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ምክንያት ማቅረብ አለባችሁ፤ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚመረምር ዳኛ ግን የለም። «ውሳኔው አልጣመንም» ከተባለ በቃ፣ ይበቃል። የሚፈርደው መራጩ ነው።

ወደ ሰሜን ወጣ ብላችሁ ዋሽንግተን ግዛት ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ተመራጩ በሥልጣኑ አላግባብ መሥራቱ ወይም ቃለ መሐላውን ማፍረሱ መጠቀስ አለበት። ፊርማ ከመሰብሰቡ በፊት ክሱን ዳኛ ያየዋል። ዳኛው እውነት ነው ውሸት ነው አይልም። የሚጠይቀው «የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሰው ያስወርዳል ወይ?» ብሎ ነው። ሕጉ በሰጠው ሥልጣን ውስጥ ሆኖ የወሰነው ነገር ሕዝብ ስላልወደደው ብቻ ብዙውን ጊዜ አያስወርድም።

ብሪታኒያ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናት። በ2015 የወጣው ሕግ የሚመለከተው የፓርላማ አባላትን ብቻ ነው። በር የሚከፍቱትም ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የእስራት ፍርድ፣ ከምክር ቤቱ ለተወሰኑ ቀናት መታገድ፣ በወጪ ሒሳብ ማጭበርበር ጥፋተኛ መባል። ሰውየው በአንድ ሕግ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ከነዚህ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ፊርማ ከማሰብ በፊት ሕጉን ማንበብ ነው። አሰልቺ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብዙ ዘመቻ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ተመራጩ ከወረደ ውሳኔውም አብሮ ይሻራል?

አይሻርም! እንደ እኔ እምነት ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ የሚጠየቀው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ድምፁ የሚያነሳው ሰውየውን ነው። የጸደቀው ደንብ፣ የተፈረመው ውል፣ የተሸጠው መሬት እዚያው ነው። እሱን ለማንሳት አዲሱ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አጀንዳ አስይዞ፣ ድምፅ ማሰባሰብ አለበት። ውሉ የጉዳት ካሳ የሚያስከፍል አንቀጽ ካለው ደግሞ አዲሱም ሰው እጁ ይታሰራል።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሁለቱም ዓይነት ታይቷል። በጥር 2021 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ የ44 ትምህርት ቤቶችን ስም ለመቀየር 6 ለ1 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ከሚቀየሩት ስሞች መካከል ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን አለ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን አለ። ትምህርት ቤቶቹ በኮቪድ ምክንያት ለአብዛኛው ተማሪ ዝግ ነበሩ። ልጁ ቤት ውስጥ ስክሪን ላይ ተተክሎ የሚውልበት ወላጅ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። በዚያ ላይ ሎዌል በሚባለው ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረውን በውጤት የመግባት አሠራር ቦርዱ ቀየረው።

እንግዲህ ቀኖቹን ተመልከቱ። የስሙን ውሳኔ ቦርዱ ራሱ በሚያዝያ 2021 ሰረዘው። ፊርማው ግን ቀጠለ። በየካቲት 2022 ሦስት የቦርዱ አባላት ወረዱ፤ ሦስቱም ላይ «ይውረዱ» ያለው መራጭ 70 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ማለትም የስሙ ጉዳይ ሲሻር ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የሎዌል ግን በተቃራኒው ሆነ። ሰዎቹ ወርደው፣ ከንቲባዋ ለንደን ብሪድ ምትክ ሾመው፣ አዲሱ ቦርድ በሰኔ 2022 ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው የድሮው አሠራር የተመለሰው።

በነገራችን ላይ ስማቸው ይቀየር ከተባሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ በዳያን ፋይንስታይን ስም የተሰየመ ነበር። ፋይንስታይን ራሳቸው የከተማዋ ከንቲባ እያሉ በ1983 ይውረዱ ተብሎ ድምፅ ተሰጥቶባቸዋል። ምክንያቱ ሽጉጥ የሚከለክል ደንብ ነበር። ደንቡን ፍርድ ቤት ቀድሞ ጥሎታል፤ ቢሆንም የማውረዱ ጉዳይ አልቆመም። ከአምስት መራጭ አራቱ ገደማ «ይቆዩ» አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በመደበኛው ምርጫ በሰፊ ልዩነት ተመረጡ። ሊያወርዳቸው የተነሳው ዘመቻ የምርጫ ቅስቀሳቸውን በነፃ ሠራላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁሉንም የምክር ቤት አባላት በአንድ ጊዜ ማውረድ አይቻልም?

አንዳንድ ቦታ ይቻላል፣ አንዳንድ ቦታ በየስማቸው ነው። ሌላ እንቅፋትም አለ። ብዙ ሕጎች አዲስ ለተመረጠ ሰው የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከሰባቱ የቦርድ አባላት ሦስቱ ብቻ የተነኩት ለዚህ ነው። ፊርማው ሲጀመር አራቱ ገና ስድስት ወር አልሞላቸውም ነበር። ጃፓን ውስጥ ይህ ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

ስንት ፊርማ ያስፈልጋል?

እንደየቦታው። ሳን ፍራንሲስኮ 10 በመቶ የተመዘገበ መራጭ ይበቃታል። ጃፓን መነሻው ከመራጩ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ከተማው በጣም ትልቅ ሲሆን ስሌቱ ቀለል ይላል።

ካናዳ ካልጋሪ የሆነው ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። በ2024 የከተማዋን ከንቲባ ጆቲ ጎንደክን ለማውረድ ፊርማ ተጀመረ። የግዛቱ ሕግ የጠየቀው ከመራጩ ሳይሆን ከከተማዋ ነዋሪ 40 በመቶውን ነው። ይህም 514,284 ፊርማ በ60 ቀን ማለት ነው። አካፍሉት፤ በቀን ከ8,500 በላይ ይመጣል፣ እሑድን ጨምሮ። ከንቲባዋ ራሳቸው ሲመረጡ ያገኙት ድምፅ ከዚህ እጅግ ያንሳል! የተሰበሰበው 72 ሺህ ገደማ ሆነና ጉዳዩ ተዘጋ።

ሕግ አውጪዎች መብቱን በአንድ እጅ ሰጥተው በሌላው የሚወስዱት አንዳንዴ እንዲህ ነው። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። ቁጥሩ ግን ሰው የሚደርስበት አይደለም።

ፈርሜ ሳለ ፊርማዬ ለምን ተጣለ?

እስቲ አንድ ገጽ አብረን እንይ። ምናባዊ ነው፤ ፊርማ ሲጣራ የሚታየው ግን ይህንኑ ይመስላል። ሰሌዳው ላይ የተጣበቀ ወረቀት፣ በክር የታሰረ እስክሪብቶ፣ አሥር መስመር።

አንደኛው መስመር ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ባል ለራሱ ፈርሞ ሲያበቃ ሦስተኛው ላይ የሚስቱን ስም ጽፎ ፈርሞላታል። እሷ ብትስማማም ያ መስመር ይወድቃል። አራተኛው የጻፈው አድራሻ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ የምርጫ ክልሉ ድንበር ደግሞ መንገዱ ራሱ ነው። አምስተኛው በቅርቡ ቤት ቀይሯል፣ ምዝገባውን ግን አልቀየረም። ስድስተኛውን ጽሑፍ ጸሐፊው ራሱም አያነበውም። ሰባተኛዋ ባለፈው ሳምንት ገበያ በር ላይ ፈርማለች፤ ረስታው ደገመችው። ስምንተኛው ቀን አልጻፈም። ዘጠነኛውና አሥረኛው ደህና ናቸው።

ደህናዎቹን ቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አራት ናቸው። እውነተኛ ገጽ እንዲህ ሁልጊዜ አይከፋም። ግን ልምድ ያላቸው አስተባባሪዎች ልክ የሚፈለገውን ቁጥር ሰብስበው አያስገቡም። ትርፍ ይይዛሉ፣ በየማታው ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ይፈትሻሉ። ሥራው አድካሚ ስለሆነ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ፊርማ ቢጭበረበርስ?

ያስከስሳል፣ ያሳስራል። የጃፓኗ አይቺ ግዛት የሚረሳ አይደለም። በ2020 የግዛቲቱን ገዥ ሂዴአኪ ኦሙራን ለማውረድ ዘመቻ ተነሳ። መነሻው አንድ አነጋጋሪ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ነበር። 435 ሺህ ገደማ ፊርማ ገባ። የምርጫ አስፈጻሚው ሲያጣራ 83 በመቶ ያህሉ ውድቅ ሆነ። ብዙው በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ የሚመስል ነበር፣ የሞቱ ሰዎች ስምም ተገኘበት። ኋላ እንደተሰማው፣ ከአይቺ ርቃ በምትገኘው ሳጋ ላይ በሰዓት የሚከፈላቸው ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስም ከዝርዝር ላይ ሲገለብጡ ነበር። በ2021 የዘመቻው ዋና ጸሐፊ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ከልባቸው የፈረሙት ሰዎች ቅሬታ ማንም ጆሮ ውስጥ አልገባም።

ከመረጠው ሰው አብዛኛው «ይውረድ» ካለ አለቀ፣ አይደል?

ሁልጊዜ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዋርሶ ላይ ከንቲባዋን ሃና ግሮንኪየቪች-ቫልትስን ለማውረድ ድምፅ ተሰጠ። ከመረጡት ውስጥ 95 በመቶ ገደማ «ይውረዱ» አለ። ከንቲባዋ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ! የፖላንድ ሕግ ድምፁ እንዲጸና ሰውየው ሲመረጥ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ቁጥር ሦስት አምስተኛው ያህል እንዲወጣ ይጠይቃል። ለዋርሶ ይህ ከመራጩ 29 በመቶ ገደማ ነበር። የወጣው 26 በመቶ አልሞላም። የከንቲባዋ ወገኖች ያሰቡትም ይህንኑ ነው። «ይቆዩ ብላችሁ ምረጡ» አላሉም፤ «ቤታችሁ ቆዩ» አሉ።

ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም። የታይዋኗ ካኦሺዩንግ ከንቲባ ሃን ኩኦ-ዩ በ2020 ደጋፊዎቻቸውን እንዳይወጡ ነግረው ነበር። ከተመረጡ ብዙም ሳይቆዩ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደራቸው ነው ሕዝቡን ያስቆጣው። እዚያ የሚጠየቀው «ይውረድ» ያለው ሰው ከመራጩ ሩብ እንዲሆን ነው፤ በቁጥር 575 ሺህ ገደማ። የወጣው 939,090 ሆነ። «አይውረድ» ያለው 25 ሺህ ብቻ።

የጀርመኗ ዱይስቡርግም አለች። በ2010 ከተማው የፈቀደው ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 21 ሰዎች ሞቱ። ከንቲባው አዶልፍ ሳወርላንድ ወይ ፍንክች አሉ። የከተማው ምክር ቤት ሊያነሳቸው ሞክሮ የሚፈለገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። በ2011 የግዛቱ ሕግ ተሻሽሎ ነዋሪው ራሱ እንዲጀምር ተፈቀደለት። በየካቲት 2012 ወረዱ።

እንግዲህ ፊርማ የምታሰባስቡ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን የምትጠይቁት ሁለት ቁጥር ነው፦ ስንት ፊርማ፣ በድምፅ መስጫው ዕለትስ ስንት ሰው። ብዙዎች ሁለተኛውን የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

ተመራጩ መልስ የመስጠት ዕድል አለው?

በአብዛኛው አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አስተባባሪዎቹ ምክንያታቸውን ከ200 ቃል ባልበለጠ ይጽፋሉ። ተመራጩም በ7 ቀን ውስጥ ከ200 ቃል ባልበለጠ ይመልሳል። የአንድ ሰው ወንበር በአንዲት ገጽ መሟገት ማለት ነው። በ200 ቃል ውስጥ ስድብ ካስገባችሁ ለቁም ነገሩ ቦታ አይተርፍም።

ከወረደ በኋላ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?

ይህንን ሳያውቁ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው። አንዳንድ ቦታ የማሟያ ምርጫ ይደረጋል። አንዳንድ ቦታ ሌላ ባለሥልጣን ምትክ ይሾማል፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እንዳየነው። ፖላንድ ውስጥ ከንቲባ ሲወርድ እስከ አዲስ ምርጫ ድረስ ቦታውን የሚሸፍነውን ሰው የሚሰይመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ምትኩን የሚሾመው የማትወዱት ሰው ከሆነ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን።

የወረደ ሰው ተመልሶ መወዳደር ይችላል?

በብዙ ቦታ ይችላል፣ ያሸንፋልም። የሲያትሉ ከንቲባ ሃይራም ጊል በ1911 ወርደው በ1914 እንደገና ተመርጠዋል። የካኦሺዩንጉ ሃን ደግሞ በ2024 የታይዋን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ።

ዘመቻውን የሚያስነሳው ሁልጊዜ ተራው ሕዝብ ነው?

ቢሆን ጥሩ ነበር። የጃፓኗ ናጎያ ከተማ ላይ ምክር ቤቱ እንዲበተን ፊርማ ያስጀመረው ከንቲባው ታካሺ ካዋሙራ ራሱ ነው። ግብር ልቀንስ፣ የምክር ቤት አባላት ደመወዝም በግማሽ ይቀነስ ብሎ አባላቱ እምቢ አሉት። መጀመሪያ ፊርማው አልሞላም ተባለ፣ አቤቱታ ቀርቦ ዳግም ሲታይ ሞላ። በየካቲት 2011 ምክር ቤቱ በሕዝብ ድምፅ ተበተነ። እኚሁ ከንቲባ ከዓመታት በኋላ ያንን የአይቺውን ዘመቻ ከደገፉት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱን የዘረጋላችሁን ሰው «ከኋላህ ማን አለ? ወጪውን ማን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስለዚህ ይላል?

ይላል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። አንቀጽ 54 ደግሞ ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተመሳሳይ ነገር ያስቀምጣል።

ታዲያ ልፈርም ወይስ ልተው?

እኔ ብሆን መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው «የምፈልገው ሰውየው እንዲሄድ ነው ወይስ ውሳኔው እንዲነሳ?» ብዬ ነው። ውሳኔው ከሆነ ቀጥተኛው መንገድ ሌላ ነው። ሕጉ የሚፈቅድበት ቦታ ደንቡን ራሱን በሕዝበ ውሳኔ መሻር አለ። ውሳኔው በሥርዓቱ ካልተላለፈ ፍርድ ቤት አለ። እነዚህ አንዳንዴ ሊፈጥኑ፣ ወጪያቸውም ሊያንስ ይችላል። ሰውየው ላይ እምነቴ ከተሟጠጠና ምርጫው ሩቅ ከሆነ ግን እፈርማለሁ። ምርጫው ጥቂት ወር ከቀረው ደግሞ ጉልበቴን ለዚያ አቆየዋለሁ። የካልጋሪዋ ከንቲባ በፊርማ አልወረዱም፤ በጥቅምት 2025 በተደረገው መደበኛ ምርጫ ግን ተሸንፈው ወጡ።

ፈርሜ ሐሳቤን ብቀይርስ?

ብዙ ቦታ መውጫ አለው፣ ግን ጊዜው ጠባብ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ ስሜ ይውጣ የሚል ጽሑፍ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ታስገባላችሁ። ፊርማው ተጠቃሎ ገቢ ከመሆኑ በፊት መድረስ አለበት። ሰሌዳ ይዞ ላስፈረማችሁ ልጅ ደውሎ «አጥፋልኝ» ማለት አይሠራም።